በዝምታው ውስጥ የገባው ድምፅ

ሬሳው የተገኘው እሑድ ጠዋት፣ በአሮጌው ሲኒማ ቤት ጓሮ፣ ከብረት ደረጃው ሥር ነበር። ሟቹ ኤሌውቴሪዮ ኪካኛ ይባላል፤ በተራሮች የተከበበችው የዋማንጋ ከተማ ፊልም ሠሪ ነው። መርማሪዋ ዜኖቢያ ኮራዋ ስትደርስ ፖሊሶቹ ነገሩን በራሳቸው ጨርሰውት ነበር።

«ራሱን ወርውሮ ነው» አላት አንዱ፣ ሳትጠይቀው። «ፊልሙ ሐሙስ ማታ ኢንተርኔት ላይ ወጣበት፤ ትናንት ሊያስመርቀው ሲከፍት አሥራ ዘጠኝ ሰው መጣ። ስድስት ዓመት ለፍቶ አሥራ ዘጠኝ ሰው! እኔም ብሆን እወረወር ነበር።»

«አንተ ትናንት መጥተህ ነበር?»

ፖሊሱ ጆሮውን አከከ። «እኔማ... ዓርብ በስልኬ አይቼው ነበር።»

ዜኖቢያ ከሬሳው አጠገብ በርከክ ብላ የሟቹን ቀኝ እጅ ገለበጠች። መዳፉ ተልጦ ዝገት ገብቶበታል። አንገቱ ላይ ትልቅ የጆሮ ማዳመጫ እንደተንጠለጠለ ነው፤ ገመዱ ግን ተበጥሷል፤ ጫፉ ላይ ያለው መሰኪያ የለም።

ደረጃውን ወጣች። ፊልሙ ወደ አዳራሹ የሚለቀቅባት ክፍል ትንሽ ናት፤ ከበሯ ውጭ ያለው የብረት መደገፊያ ከወገብ በታች ነው። ውስጥ ጠረጴዛው ላይ ኮምፒውተር አለ፣ ክዳኑ ተዘግቷል። ጎኑ ላይ፣ የጆሮ ማዳመጫው በሚገባበት ቀዳዳ፣ የተሰበረው መሰኪያ ተቀርቅሯል። ክዳኑን ከፈተችው። ከኢንተርኔት የወረደው የሟቹ ፊልም በአንድ ሰዓት ከአሥራ ሁለት ደቂቃ ላይ ቆሟል።

ለረጅም ጊዜ አየችው። ሲያዳምጥ የነበረ ሰው መሰኪያውን ሰብሮ ተነሣ ይባል፤ ከዚያ ግን ተመልሶ ክዳኑን በጥንቃቄ ዘግቶ አይወረወርም። የሚወረወር ሰው ደግሞ መዳፉ እስኪላጥ ብረት አይጨብጥም።

ሬሳውን ያገኙት የሲኒማ ቤቱ ጠባቂ ዶን ቴኦፋኔስ ናቸው። ሰባ ዓመታቸው ነው፤ ባርኔጣቸውን ደረታቸው ላይ ይዘው ከግድግዳው ሥር ቆመዋል። ቀኝ እጃቸው በጨርቅ ተጠቅልሏል።

«እጅዎን ምን ሆኑ?»

«የማሳያው መብራት አቃጠለኝ፣ ልጄ። ባለቤቴ ካረፈች ወዲህ እዚሁ ነው የማድረው፤ የሚያስታምመኝ የለም።»

«ፊልሙ ከማን እጅ ወጣ ብለው ያስባሉ?»

«ምን አውቃለሁ! ኤሌውቴሪዮ ለማንም ቅጂ አይሰጥም። ዲስኩን እንደ መስቀል አንገቱ ላይ አስሮ ነበር የሚተኛው። ሐሙስ ግን ድምፁን እንድንሞክር ከፍቶልን፣ እሱ ማጉያ በጫነ መኪና ሊለፍፍ ወጣ። ያኔ ነው እንግዲህ።»

«ማን ማን ነበራችሁ?»

«እኔ ነበርኩ፤ ኮንደናዶውን የሚጫወተው ዊልበር ነበር፤ ዶኛ ብሪሂዳ ምሳ ይዛ መጥታ ነበር። ሁላችንም ላይና ታች ስንል ነው የዋልነው።» ባርኔጣቸውን አገላበጡ። «ምስኪን! ራሱን ባይጥል ምን ነበረበት።»

ኮንደናዶ ማለት ሰማይም ምድርም ያልተቀበለው ነፍስ ነው፤ ሰንሰለቱን እየጎተተ በተራራው በረዶ ላይ ሲዞር ይኖራል። የኤሌውቴሪዮ ፊልም ስለ እሱ ነበር። እሑድ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ከተማው፣ ራሱን የገደለ ሰው ዕጣው ይኸው ነውና፣ ፊልም ሠሪው ራሱ ኮንደናዶ ሆነ ማለት ጀመረ። ከላይኛው ሰፈር አንዲት ሴት ሰንሰለት ሲጎተት ሰማሁ አለች። ልጆች ሲኒማ ቤቱ ያለበትን መንገድ ትተው በሌላ መዞር ጀመሩ።

የሟቹ ልጅ ኤደልሚራ ሃያ አራት ዓመቷ ነው፤ ፊልሙን ያቀናበረችው እሷ ናት። ዜኖቢያ ቤቷ ስትገባ መጋረጃው ተዘግቶ፣ የአባቷ ልብሶች በአንድ አንሶላ ላይ ተቆልለው አገኘቻት።

«ፊልሙ ጥርት ብሎ ስለወጣ ከአንቺ ኮምፒውተር ነው የሾለከው ይሉኛል» አለች ልጅቱ፣ ቀና ሳትል። «አክስቶቼ በሬን አይረግጡም። አባቷን ሸጣ አስገደለችው ነው የሚሉት። የእኔን ስም ግድ የለም፣ ይበሉ። ሐሙስ ግን አምስተኛው ቀኑ ነው፤ ልብሱን ወንዝ ወርደን እናጥባለን። ጸሎት አድራሹ ራሱን ለወረወረ ሰው አልጸልይም ብለዋል። ካልተጸለየለት ደግሞ...»

 ዓይኗ በመጋረጃው ክፍተት ወደ ተራራው ሄዷል።

«አባትሽ ራሱን አልወረወረም» አለች ዜኖቢያ። «እኔ ይህን ባውቅም ማን አጠገቡ እንደነበረ ካላሳየሁ የሚያምነኝ የለም። ሲሞት ፊልሙን እያዳመጠ ነበር። አንድ ሰዓት ከአሥራ ሁለት ደቂቃ ላይ ምን አለ?»

ኤደልሚራ ቀና አለች። ተነሥታ ኮምፒውተሯን ከፈተች። «ይኼ የኔ ነው። ያዳምጡ።»

የለቅሶ ቤት ነው። ሬሳ በመሃል ተዘርግቷል። ጸሎት አድራሹ የሙታንን ጸሎት በአገሬው ቋንቋ በኬቹዋ ያዜማል፤ ድምፁ ከፍ ብሎ ይቆምና ጸጥ ይላል። ካሜራው የለቀስተኞቹን ፊት አንድ በአንድ ሲያሳይ ምንም አይሰማም፤ ትንፋሽ እንኳ።

«አሥራ አንድ ሰከንድ ነው» አለች ኤደልሚራ። «በኛ ልማድ እዚያ ቦታ ላይ ሕዝቡ ይመልሳል፣ 'ነፍስህን ይቀበላት፣ አሜን' ይላል። አባዬ ባዶውን ተወው። 'ተመልካቹ ሳያስበው ይመልሳል፤ ያኔ ፊልም መሆኑን ይረሳል፤ ያኔ ይፈራል' ይል ነበር። አሁን ደግሞ ኢንተርኔት ላይ ያለውን ይስሙ።»

ያው ለቅሶ ቤት፣ ያው ዜማ። ዝምታው ሲመጣ ግን ከዝምታው ውስጥ የሰው ሹክሹክታ ወጣ። የወንድ ይሁን የሴት አይለይም። ለጆሮ በጣም ቅርብ ነው። ነፍስሽን ይቀበላት፣ አሜን።

«ከተማው በሙሉ ኮንደናዶው ፊልሙ ውስጥ ገብቶ ነው ይላል» አለች ኤደልሚራ።

ዜኖቢያ ከወንበሯ አልተነቃነቀችም። «ሰው ነው» አለች። «ሐሙስ ፊልሙ አዳራሽ ውስጥ ሲሞከር ከላይኛዋ ክፍል ሆኖ የቀረጸው ሰው ነው፤ ከስልኩ አጠገብ ቆሞ መልሷል። ከአንቺ ኮምፒውተር ቢወጣ ኖሮ ይህ ድምፅ አይኖርም ነበር። እነዚህ ለቀስተኞች እነማን ናቸው?»

«ጎረቤቶቻችን ናቸው። ለአንድ ሳህን ምግብ ብለው የተጫወቱ። ያን ትዕይንት ከቀረጽነው ስድስት ዓመት ሆኖታል፤ ሦስቱ ሞተዋል።»

«የሦስቱን ስም ጻፊልኝ።»

በማግሥቱ ገበያ ወረደች። ዶኛ ብሪሂዳ የፊልም ዲስክ ይሸጣሉ፤ የሕንድ፣ የቻይና፣ የሆሊውድ፣ ሁሉም የተቀዳ ነው። ጥቁር ሻል ደርበዋል። ዊልበር ባለሦስት እግር ታክሲውን ከሱቃቸው ፊት አቁሞ በቆሎ ይበላል።

«መጣሽ!» አሉ ዶኛ ብሪሂዳ። «ያው ሌባ ሲፈለግ ወደ እኔ ነው። አርባ ዓመት ሙሉ ፖሊስ የእኔን ጠረጴዛ ሲገለብጥ ነው የኖረው።»

«ጠረጴዛዎን አልገለብጥም። የኤሌውቴሪዮን ፊልም ሸጠዋል?»

«የአበልጄን? ዓይኔ ይጥፋ! ልጁን ክርስትና ያነሣሁት እኔ ነኝ። ስሚ ልጄ፣ እዚህ መደዳ ውስጥ የአገር ልጅ ፊልም አይቀዳም። ዋናውን ከእጁ ወስደን እንሸጥለታለን፤ ደንባችን ነው። የሆሊውዱ ሰውዬ አበልጄ አይደለም፤ እሱ ራሱን ይቻል!»

ዊልበር ሳቀ፤ ወዲያው ግን ሳቁን ዋጠው።

«ዓርብ ዕለት ስንት ሰው መጣብኝ መሰለሽ» ቀጠሉ ሴትዮዋ። «'የኮንደናዶው አለሽ ወይ?' ይሉኛል። ሁሉንም አባረርኳቸው። ሄደው በነጻ አዩት። አሁን እኔ ነኝ ሌባ፣ እነሱ ተመልካች።»

«አንተስ?» አለች ዜኖቢያ ወደ ዊልበር ዞራ።

«እኔማ ቅዳሜ ሰንሰለቴን ለብሼ በር ላይ ቆሜ ነበር፣ ኢንስፔክተር። ሕዝብ ላስፈራ። ሁለት ውሻ ነው ያስደነገጥኩት።» የበቆሎውን ቆረቆንዳ ወረወረ። «ሐሙስ ላይ ወጥቼ ራሴን አይቻለሁ፣ አልክድም። ግን ያ ድምፅ የኔ ነው የሚል ካለ ቤተ ክርስቲያኔ ይምጣ። እኛ ወንጌላውያን ለሙት አንጸልይም። ጋኔን ሆነህ ተጫወትክ ብለው አንድ ወር አግደውኛል፤ ለሙት ጸለይክ ቢሉኝማ ፓስተሩ በጫማ ነው የሚያባርሩኝ።»

«እናቱ ስትሞት እንኳ አፉን አልከፈተም» አሉ ዶኛ ብሪሂዳ። «አንገቱን ላንቀው ነበር።»

«ሞክረውም ነበር» አለ ዊልበር።

«ዝም በል አንተ! ሰውዬህ ሞቶ ትቀልዳለህ?»

ዊልበር የእጁን ጀርባ ዓይኑ ላይ ወስዶ ጠረገው።

ዜኖቢያ ከኪሷ ኤደልሚራ የጻፈችላትን ወረቀት አወጣች። «ዶኛ ብሪሂዳ፣ እነዚህን ሦስት ሰዎች ያውቋቸዋል?»

ሴትዮዋ ወረቀቱን ራቅ አድርገው አነበቡ። ሦስተኛው ስም ላይ ሲደርሱ አነባበባቸው ዘገየ፤ ስለ ሟቿ የሚያውቁትን ነገሯት። ዜኖቢያ አመስግና ሄደች።

ሐሙስ ጠዋት ፀሐዩ ወንዙ ላይ ሲያርፍ አምስተኛው ቀን ደረሰ። ጎረቤቶች በፍርሃትና በይሉኝታ መካከል ሆነው መጡ፤ ከልብሱ ክምር ግን ራቅ ብለው ነው የቆሙት። ኤደልሚራና ዶኛ ብሪሂዳ ጉልበታቸው ድረስ ውኃ ውስጥ ገብተው ያጥባሉ። ዊልበር የታጠበውን ተቀብሎ ድንጋይ ላይ ያሰጣል። ዶን ቴኦፋኔስ ከአንድ ቋጥኝ ላይ ተቀምጠዋል፤ የእጃቸው ጨርቅ ተፈቷል። ጸሎት አድራሹ ሽማግሌ መጽሐፋቸውን በብብታቸው ይዘው ከዳር ቆመዋል።

«ይጀምሩልን» አለቻቸው ዜኖቢያ።

«ራሱን ለጣለ ሰው...»

«አልጣለም። ካጠፋሁ በእኔ ይሁን።»

ሽማግሌው ትንሽ አመነቱና ማዜም ጀመሩ። ዜማው ከውኃው ድምፅ በላይ ከፍ አለ፣ ከዚያ ቆመ። ዶኛ ብሪሂዳ መለሱ፤ ኤደልሚራ መለሰች፤ ጎረቤቶቹም ሳያስቡት አንድ ላይ መለሱ። ዊልበር ወደ ሰማይ እያየ አፉን ገጠመ። የዶን ቴኦፋኔስ ከንፈር ተንቀጠቀጠ፤ ድምፅ ግን አልወጣም።

«በቃ፣ ይበቃናል» አለች ዜኖቢያ። ሁሉም ዞረው አዩዋት። ጮክ ብላ አልተናገረችም፤ ለመስማት ቀረብ ማለት ነበረባቸው።

«ኤሌውቴሪዮ እሑድ ንጋት ላይ ከሰው ጋር ነበር። አንገቱ ላይ የነበረው ገመድ ተበጥሷል፤ የገመዱ ጫፍ ኮምፒውተሩ ውስጥ ቀርቷል። አንድ ሰው ገመዱን ይዞ ጎትቶታል። ሲወድቅ መደገፊያውን ጨብጧል፤ መዳፉ የተላጠው ለዚያ ነው። መሞት የፈለገ አይጨብጥም። ከዚያ በኋላ ያ ሌላ ሰው የሚያየውን ነገር መታገሥ አቅቶት ክዳኑን ዘጋው።

«ምን ነበር የሚታየው? ለቅሶ ቤቱ። ኤሌውቴሪዮ በራሱ ፊልም ውስጥ እሱ ያላስገባውን ድምፅ ሰምቶ፣ የማን እንደሆነ አውቆ፣ የድምፁን ባለቤት ፊት ለፊት ሊጠይቅ ነው ያን ጠዋት የመጣው። ኤደልሚራ አይደለችም፤ እሷ ከአዳራሽ መቅረጽ አያስፈልጋትም። ዊልበር አይደለም፤ እምነቱ ይከለክለዋል፤ ለእናቱ ያልመለሰ ለፊልም አይመልስም፤ አሁንም አይታችሁታል። ዶኛ ብሪሂዳ ሊሆኑ ይችሉ ነበር። ግን አሁን ሁላችን ፊት ጮክ ብለው መለሱ፤ ድምፄን ያውቁብኛል ብለው አልፈሩም።

«ዶን ቴኦፋኔስ፣ እርስዎ በዚህ ሰፈር ቀብር ላይ ሁሉ ቀድመው የሚመልሱ ሰው ነበሩ። ዛሬ ለወዳጅዎ ለምን ዝም አሉ?»

ዶን ቴኦፋኔስ ቀና አላሉም።

«ሹክሹክታው 'ነፍስሽን' ነው የሚለው። በፊልሙ ውስጥ የተዘረጋው ሬሳ የወንድ ነው። ሰውየው ለዚያ ሬሳ አልነበረም የመለሰው። በዚያች ሰከንድ ካሜራው አንዲት ሴት ላይ ነው፤ ከሬሳው ራስጌ ተቀምጣ፣ ሻሏን አስተካክላ ወደ እኛ ትዞራለች። ቲቡርሲያ ያሞካ ትባላለች። ከሦስት ዓመት በፊት አረፈች። ባለቤትዎ ናት።» ዜኖቢያ ጠጋ አለች። «እጅዎን ያሳዩኝ። ማሳያው ሽፋን ያለው ነው፤ መብራቱ ሰው አይነካም።»

ዶን ቴኦፋኔስ እጃቸውን ዘረጉ። በአራቱም ጣታቸው ላይ እንደ ክር የቀጠነ ቀይ መስመር ተጋድሟል።

«ልጆቼ በውጭ አገር፣ ሚላን ከተማ ናቸው» አሉ፣ ለማንም ሳይሆን ለውኃው። «እናታቸው ስትሞት የመኖሪያ ወረቀት ስለሌላቸው አልመጡም። ያለን ፎቶ ብቻ ነው። ፎቶ አይንቀሳቀስም። እዚያ ውስጥ ግን ራሷን ታዞራለች። ሻሏን እንዲህ ታደርጋለች...» እጃቸው ትከሻቸው ላይ ቀረ። «ስልኬን አዳራሹን በሚያሳየው መስታወት ላይ ደግፌ ቀረጽኩት። ድምፅ ማውጣቴን እንኳ አላወቅሁም። ለአንዱ ልጄ ነው የላክሁት። ለአንድ! ለማንም አታሳይ አልኩት።»

«እሱስ?» አለ ዊልበር።

«ለእህቱ ላከላት። እሷ ለጓደኛዋ። ከዚያ ወዲያ አላውቅም።»

«አይ አንተ ሰው!» አሉ ዶኛ ብሪሂዳ፣ የረጠበውን ሱሪ ደረታቸው ላይ እንደያዙ። «እኔን ሌባ ሲሉኝ አጠገቤ ተቀምጠህ ምሳዬን ትበላለህ?»

«እሑድ ኤሌውቴሪዮ መጥቶ አሰማኝ። ለመንኩት። ፊቱን ወደ እኔ እንዳደረገ ወደ ኋላ እየሄደ ለከተማው እነግራለሁ አለ። እንዳይሄድ ገመዱን ያዝኩ። እንዳይሄድ ብቻ ነበር! ገመዱ ሲበጠስ...» ዓይናቸውን ጨፈኑ። «ጨበጠ። አዎ፣ ጨብጦ ነበር። አልደረስኩለትም።»

ኤደልሚራ ከውኃው ወጣች። «ለምን አልጠየቁትም? ለልጆቼ ስጠኝ ለምን አላሉትም?»

«አይሰጠኝም ነበር፣ ልጄ። ለገዛ እናቱም አልሰጠም።»

እውነት ነበር። «ይህን ሁሉ ቀን ግን» አለች ልጅቱ፣ «አባቴ በተራራው ላይ ይዞራል ሲሉ፣ እኔን ሲሉኝ፣ እርስዎ ሰምተው ዝም አሉ።»

«ዝም አልኩ።»

ራቅ ብሎ ዛፍ ሥር ሲጠብቅ የነበረ ፖሊስ መጣ። ዶን ቴኦፋኔስ ሳይነገራቸው ተነሡ። ጸሎት አድራሹ መጽሐፋቸውን ገለጡ፤ ማንም አላዘዛቸውም፤ የኤሌውቴሪዮን ሙሉ ስም ጠርተው ከመጀመሪያው ጀመሩ። ጎረቤቶቹ ቀረብ አሉ። ከኤደልሚራ አክስቶች አንዷ ጫማዋን አውልቃ ውኃው ውስጥ ገባች።

ጸሎቱ ሲያልቅ ኤደልሚራ ዜኖቢያ አጠገብ መጥታ ቆመች።

«ያን ድምፅ መጀመሪያ የሰሙት እኔ ጋ አይደለም» አለች። «ሳሰማዎት አልደነገጡም።»

ዜኖቢያ ልትዋሽ ትችል ነበር። «አይደለም» አለች። «ዓርብ ነው። በምሳ ሰዓት፣ ቢሮዬ ውስጥ።»

«ቅዳሜስ?»

«ቅዳሜ አልመጣሁም።»

ውኃው ይሄዳል። ሴቶቹ በሩቅ ይነጋገራሉ።

«እስከ መጨረሻው አዩት?»

«እስከ መጨረሻው።»

«እና?»

ዜኖቢያ ወቀሳ ነበር የጠበቀችው። የልጅቱን ፊት አየችና የተጠየቀችው ሌላ ነገር መሆኑን ተረዳች።

«ፈራሁ» አለች። «ሁለት ቀን መብራት ሳላጠፋ ተኛሁ። እንደዚያ ፈርቼ አላውቅም።»

 በአምስት ቀን ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ የኤደልሚራ እንባ ወረደ።

«አርባ ሺህ ሰው አይቶታል» አለች። «አርባ ሺህ ሰው ፈርቷል። አንድ ሰው እንኳ አልነገረውም።»